ጠብታው ከየት ነው?

መስከረም ሲጠባ ተክለ ሃይማኖት ያለው ጋራዣችን በር ላይ የሚቆሙት መኪናዎች ሕመማቸው ይመሳሰላል። ክረምቱን ጭቃ ሲያቦኩ የከረሙ ናቸው። መንገዱ ሲደርቅ ጭነው ቆላ ይወርዳሉ። ከዚያ ከሆዳቸው ሥር ዘይት እያንጠባጠቡ ይመለሳሉ። ለዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱን የመረጥኳቸውም ለዚህ ነው። ሦስቱም ስለ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) እና ስለ ዲፈረንሻል (የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የማርሽ ቤት) ዘይት ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኤፍ ኤስ አር፣ የአይሱዙ ጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ከጎጃም በረንዳ እየጫንኩ ሎጊያ እመላለሳለሁ። ባለፈው ሳምንት አዋሽ ላይ ሻይ ልጠጣ ስወርድ፣ የኋላ ግራ ጎማው ሥር መሬቱ ዘይት ጠጥቶ አየሁ። ለባለንብረቱ ስደውል «ዘይት እየጨመርክ ጨርስ፣ ስትመለስ ይታያል» አለኝ። 4 ሊትር ገዝቼ እየጨመርኩ ደርሼ ተመለስኩ። እስካሁን አልታየም፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ልጭን ነው። እንደዚያው እየጨመርኩ ብሄድ ምን ችግር አለው? (ሹፌር፣ ከልደታ)

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን በሰላም ተመለስክ። ከነገ ወዲያ ግን አትጫን።

«እየጨመርክ ሂድ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። እኔም እየጨመርኩ ስንት መንገድ ጨርሻለሁ። ዋናው ነገር ጠብታው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው። ከካምቢዮው ጀርባ ወይም ከዲፈረንሻሉ ፊት ከሆነ የሚባክነው ዘይት ነው። ዘይት ይተካል። በጎማ በኩል ከሆነ ግን ያለቀው ፍሬንህ ነው።

የዲፈረንሻል ዘይት መሀል ላይ ብቻ አይቀመጥም። በአክስሉ ቱቦ ውስጥ ወደ ጎማው ይሄዳል። ጫፉ ላይ የሚያግደው አንድ ኦይልሲል፣ የዘይት ማገጃ ቀለበት ነው። እሱ ሲደክም ዘይቱ ታምቡር (የፍሬኑ ከበሮ) ውስጥ ይገባና የፍሬን ሸራውን ይነክረዋል። አዋሽ መሬት ላይ ያየኸው እንግዲህ ሸራው ጠጥቶ የተረፈውን ነው።

መጀመሪያ ግን የፈሰሰው ምን እንደሆነ አረጋግጥ። ጣትህን ነክረህ አሽተው። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ነው፤ ድኝ ድኝ ይሸታል፣ የተበላሸ እንቁላል ዓይነት። ቀጭን ሆኖ ውሃ ስታፈስበት የሚታጠብ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው። እሱም ከሆነ መልሴ አይለወጥም፤ መኪናው ይቁም።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ በዓይኔ ስላየሁት ነው። በ1970ዎቹ ውስጥ በኤንትሬ፣ በፊያት ከባድ መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። ሲሚንቶ ጭነን ወደ ኮምቦልቻ እንሄዳለን። ደብረ ብርሃን አድረን ጠዋት ጎማ ስመታ፣ የኋላ ቀኙ ጎማ ውስጠኛው ፊት ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር አየሁ። አቧራ ተለጥፎበት ጠቁሯል። አልተናገርኩም። ልጅ ነበርኩ፤ ጉዞ አስቀራለሁ ብዬ ፈራሁ።

ታርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ስንጀምር ጉም ነበር። ሹፌሩ ፍሬን ሲነካ መኪናዋ ወደ ግራ ተጎተተች። ሁለተኛ ሲነካ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ያተረፈን አንድ ነገር ነው፤ ሰውዬው ቁልቁለቱን ሳይጀምር በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ ነበር። በሞተር እየያዘ፣ እያዘገመ ጥግ አስያዛት። እኔ ዘልዬ ወርጄ ታኮ ከጎማው ሥር ወተፍኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ።

ታምቡሩን ስንፈታ ሸራው ቅቤ እንደጠገበ ፀጉር ያብለጨልጭ ነበር። በቤንዚን እናጥበው አልኩ። ሹፌሩ «ላዩ ይደርቅልሃል፣ የጠጣው ግን ሲግል ተመልሶ ይወጣል» አለኝ። ከአዲስ አበባ ሸራ እስኪላክልን ሁለት ቀን ደብረ ሲና አደርን። ያን እርጥብ መስመር ጠዋት ማየቴን የነገርኩት ያኔ ነው። አልተቆጣኝም። ከዚያ በኋላ ግን በየማደሪያው አራቱንም ማዕዘን በባትሪ አብርቼ ሳላይ አልተኛሁም፤ አሁንም ጋራዥ የሚገባ መኪና መጀመሪያ የማየው እዚያው ነው።

ስለዚህ ጎማው ይውረድ፣ ታምቡሩ ይከፈት። ኦይልሲሉ ይቀየር። ሸራው ከራሰ አይታጠብም፣ ይቀየራል። የግራውን ቀይረህ የቀኙን አሮጌ አትተው፤ አንዱ ይዞ አንዱ ከሳተ መኪናው ይጎትታል። የሞዞው (የጎማው እምብርት) ኩሽኔታም ይታይ። እሱ ከላላ አዲሱን ኦይልሲል በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

ለባለንብረቱ «ዘይት ይፈሳል» ብለህ አትንገረው። «ዘይት» ስትለው የሚያስበው የአንድ ጀሪካን ዋጋ ነው። «የኋላ ግራ ፍሬን የለኝም» በለው። እውነቱ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ እየጨመሩ መሄድ ስለሚቻልበት። መንገድ ላይ ከካምቢዮው ወይም ከዲፈረንሻሉ ፊት ጠብታ ካየህ፣ ሜዳ ቦታ አቁም፤ ታኮ አድርግ፤ እስኪበርድ ጠብቅ። ከዚያ በጎን ያለውን የመሙያ ቡሎን ፍታና ትንሿን ጣትህን አስገብተህ ወደ ታች እጠፋት። ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት። ጣትህ ደርቃ ከወጣች ብዙ ጎድሏል ማለት ነው። የማፍሰሻውን ቡሎንም በቁልፍ ሞክረው። ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ መላላቱ ወይም የመዳብ ቀለበቱ ማለቁ ነው። በኃይል ግን አታጥብቀው። የካምቢዮው አካል አሉሚኒየም ከሆነ ጥርሱ ይላጫል፤ ያኔ ጠብታ የነበረው ጅረት ይሆናል።

ስንት እንደሚጎድል በግምት አትሂድ። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ከወደቀ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ነው። 10 ሰዓት ስትነዳ ወደ 2 ሊትር ይጠጋል። ደግሞ ካርቶን አንጥፈህ ያየኸው ቆሞ የሚያንጠባጥበውን ነው። ሲሄድ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ማርሾቹም ይረጩታል። ስለዚህ ከዚያ በላይ ነው የምታጣው። ከአዋሽ በታች ሙቀቱ ሲጨምር ይብስበታል። አንድ ሰዓት በነዳህ ቁጥር ቆመህ ብታየው አይበዛም። ሁለት ማቆሚያ ላይ የጨመርከው መጠን እኩል ከሆነ ፍሰቱ አልጨመረም ማለት ነው፤ ቀስ እያልክ ጋራዥ ያለበት ከተማ ትደርሳለህ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበለጠ አትቀጥል።

እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ከኋላ «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ ከሰማህ፣ ወይም ማርሹ በራሱ ካመለጠ፣ መጨመሩም አያድንህም። እዚያው ቁም። ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ከጀመረ ደግሞ ዘይቱ ከካምቢዮው ፊት ወጥቶ እሱ ላይ ደርሶ ይሆናል፤ ዳገት ላይ ጭነት ይዘህ አትሞክረው።

ሹፌሮች መንገድ ላይ ፍሳሽን በሳሙና ስለመድፈናቸው ደግሞ፦ የነዳጅ ታንከር ሲሰነጠቅ የታሸ ሳሙና መለጠፍ ይሠራል፤ ናፍጣ ሳሙናን አያሟሟውም። ካምቢዮ ላይ ግን አይሆንም። ሲግል ይቀልጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ሹፌር አይደለሁም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምንተዳደረው እሱ በተወልን አንድ አይሱዙ ነው። ከሰኔ ጀምሮ የዲፈረንሻሉ የፊት ኦይልሲል ሦስት ጊዜ ተቀየረ። እንደገና ይፈሳል። መካኒኩ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል። ሹፌሩ «መካኒኩ አልቻለበትም» ይላል። ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ነኝ። ማንን ልመን? (የልጆች እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍሳቸውን ይማር። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ያላዩት ነገር ግን ያለ ይመስለኛል፤ መተንፈሻው።

ከኋላ አክስሉ ጀርባ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቆብ አለች። ሥራዋ አየር ማስወጣት ነው። መኪናው ሲሄድ ዲፈረንሻሉ ይግላል፤ ውስጡ ያለው አየር ይነፋል። በመተንፈሻው ካልወጣ መውጫ ይፈልጋል። ደካማው ቦታ ኦይልሲሉ ነው። ዘይቱን ይዞ በዚያ ይወጣል። አስቡት፣ ከሰኔ ጀምሮ ነው ያሉኝ። ክረምት ነው። ጭቃው እዚያች ቆብ ላይ ደርቆ እንደ ምርጊት ደፍኗት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ አሥር ጊዜ ቢቀየርም መፍሰሱን አያቆምም።

መካኒኩን በትሕትና አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «መተንፈሻውን አይተኸዋል?» መኪናው ከመንገድ ሲመለስ፣ ቃጠሎው በረድ ብሎ ሙቀቱ ሳይጠፋ፣ የመሙያውን ቡሎን በጥንቃቄ ቀስ ብሎ ያላላው። «ፍሽሽ» ካለ ተደፍኗል። ማጽጃው ሽቦና ትንሽ ቤንዚን ነው። ወጪ የለውም።

ክፍት ሆኖ ከተገኘ ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛው ኦይልሲሉ የሚያርፍበት ብረት ነው። ከዘመን ብዛት ኦይልሲሉ ራሱ ብረቱን ይቦረቡረዋል። ጨርሰው ሳይገጥሙት እርስዎ ራስዎ ጥፍርዎን ያሳልፉበት። ከያዘዎ ጉድጓድ አለው፤ አዲስ ኦይልሲል እዚያ ላይ አይዝም። ቶርኖ ቤት ቀለበት ይለበስለታል ወይም ብረቱ ይቀየራል። ሁለተኛው ኩሽኔታው ነው። ዘንጉ በእጅ ሲወዘወዝ ከተነቃነቀ ዘይቱን ይለቃል።

ዕቃውን ሶማሌ ተራ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ፊቱ ላይ ሦስት ቁጥር አለ፤ የውስጥ ስፋቱ፣ የውጭ ስፋቱና ውፍረቱ፣ በሚሊ ሜትር። ሦስቱም መመሳሰል አለባቸው። «ይሄም ይሆናል» ካሏችሁ አይሆንም። ሲገጠምም ክብ ምንጭ ብረቱ ያለበት ከንፈር ወደ ዘይቱ ይዞራል።

እና ሹፌሩን አንድ ነገር ያስጠንቅቁልኝ። ይፈሳል ብሎ ፈርቶ ከልኩ በላይ እንዳይሞላ። የተረፈው መውጫ ስለሚፈልግ ፍሰቱን ያብሰዋል።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ የዲፈረንሻል ዘይት ቢጠፋ የሞተር ዘይት መጨመር ይቻላል? ሰጋቱራስ? (ረዳት፣ ከአብነት)

መልስ፦ ሰጋቱራ በጭራሽ። ሰጋቱራ ድምፅ ይደብቃል እንጂ አይጠግንም። የሚያደርጉት መኪና ሊሸጡ የፈለጉ ሰዎች ናቸው። ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ይጨርሰዋል።

የሞተር ዘይት ግን ከባዶ ይሻላል። ዕቃው ላይ የተጻፈው የውፍረት ቁጥር አያታልልህ። የማርሽ ዘይት ቁጥር የሚለካው በሌላ መለኪያ ነው። 80ደብሊው 90 የሚለው የማርሽ ዘይት ውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ብዙም አይርቅም። እንዲያውም የሞተር ዘይት እንዲሞላባቸው ሆነው የተሠሩ የከባድ መኪና ካምቢዮዎች አሉ። ዲፈረንሻል ግን ሌላ ነው። ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ ነው የሚፋተጉት፤ የሚጠብቃቸው ያ ድኝ ድኝ የሚሸተው ቅመም ነው። የሞተር ዘይት እሱ የለውም። ስለዚህ እስከሚቀጥለው ከተማ፣ በዝግታ፣ ዳገቱን ሳታስጨንቀው።

ካምቢዮ ላይ ደግሞ ጂኤል 4 የሚባለው የማርሽ ዘይት ደረጃ ከታዘዘ፣ ጂኤል 5 «ይበልጣል» ብለህ አትሙላ። የ5ቱ ቅመም ጠንካራ ስለሆነ ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። የመኪናው መጽሐፍ የሚለውን እይ።

ከተማ ስትደርስ የሞተር ዘይቱን አፍስሰህ ትክክለኛውን ትሞላለህ። ስታፈስ ግን መጀመሪያ የላዩን፣ የመሙያውን ቡሎን ፍታ። እሱ ዝጎ አልፈታ ካለህ የታችኛውን አትንካ፤ ዘይቱን አፍስሰህ መሙያ ታጣለህ።