የባስክ ፓርላማ ያጸደቀው ሕዝበ ውሳኔ ለምን ቀረ? (መልስ)

ማድሪድ፣ ማለትም የስፔን ማዕከላዊ ሥልጣን፣ ስለጣለችው ነው። ባስክ በሰሜን ስፔን ያለ ራስ ገዝ ክልል ነው። «የባስክ ፓርላማ ካጸደቀው ማን ያስቀረዋል?» ብለሃል፤ የራስ ገዝ ሕጉን ለመቀየር የስፔን ፓርላማም መስማማት አለበት።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዝ። የባስክ መንግሥት መሪ የነበረው ሁዋን ሆሴ ኢባሬቼ ያቀረበው፣ ይህን የራስ ገዝ ሕግ የሚቀይር ዕቅድ በ2004 መጨረሻ በባስክ ፓርላማ በ39 ለ35 ድምፅ አለፈ። ለጥቂት! በ2005 መጀመሪያ የስፔን ፓርላማ 313 ለ29 ጣለው። ሰውየው ግን እጅ አልሰጠም። በ2008 አስገዳጅ ያልሆነ የሕዝብ ምክክር ለማድረግ ቀን ቆረጠ። ቀኑ ሳይደርስ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረበትና ድምፅ የሰጠ ሰው ሳይኖር ቀረ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ስለዚህ ጉዳይ ከአበሻ ጋር በተከራከርኩ ቁጥር ወሬው ወደ አንቀጽ 39 ይሄድና እዚያው ይቀልጣል። ሁለቱን አታምታታ። የእኛ ሕገ መንግሥት የመገንጠልን መብት በግልጽ ጽፎታል። የስፔኑ አንቀጽ 2 ግን ራስን ማስተዳደርን ይፈቅዳል እንጂ የአገሪቱን አንድነት የማይፈርስ ነው የሚለው። ኢባሬቼም ቢሆን በዕቅዱ የጠየቀው ከስፔን ጋር በነፃ ፈቃድ የሚደረግ ትስስርን ነበር፤ ሙሉ መገንጠልን አይደለም።