«ልጅሽን ተማሪ ነው የሚቀደው» አሉኝ

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ቡአ አለበት፤ ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞለታል። ያየችን ሐኪም ወጣት ናት። «ሬዚደንት ነኝ፤ የምሠራው እኔ ነኝ፣ ሲኒየሬ አብሮኝ ይኖራል» አለችኝ። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ «በልጅሽ እጇን ልታፍታታ ነው» ብለው እንቅልፍ አሳጡኝ። እንዴት አምኜ ልስጣት?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤቶችዎ ግማሹን ልክ ብለዋል። ትማራለች። ግን ዶክተር ሆና ጨርሳ፣ አሁን በቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም ናት። ሲኒየሯ ደግሞ የሚያስተምራት ስፔሻሊስት ነው። ጥቁር አንበሳም ሄዱ ጳውሎስ፣ ሬዚደንት ያገኛሉ።

እኔም ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ ሬዚደንቶች አስተምራለሁ። በልጅ ቡአ ላይ የምጨነቅባት አንዲት ቦታ አለች። የቡአውን ከረጢት ከዘር ቱቦውና ከደም ሥሮቹ የምናላቅቅባት። በዚህ ዕድሜ ቱቦው ክር ነው የሚያክለው። ሬዚደንቷ እዚያ ስትደርስ ቀስ ካለች፣ ያልለየችውን ካልቆረጠች፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ከጠየቀችኝ፣ በሚቀጥለው ልጅ ላይ እጄን ሰብስቤ አያለሁ። ከተጣደፈች መሣሪያውን እቀበላታለሁ። ቆዳ መስፋቱን ከዓመት በፊት ለቅቄላት ይሆናል፤ ይቺን ግን ገና። መዝገቧ ላይ 40 ቡአ ቢጻፍም እንዴት እንደሠራቻቸው አይነግረኝም።

ሆላንዳዊው የሕክምና ትምህርት ባለሙያ ኦሌ ቴን ካቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን መልክ አስያዘው። ሠልጣኞች ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻ ይታመናሉ። መጀመሪያ ማየት ብቻ። ቀጥሎ መምህሩ አጠገብ ቆሞ መሥራት። ከዚያ ሲጠራ በሚደርስበት ርቀት ሆኖ፣ ከዚያ ብቻ፣ በመጨረሻ ሌላውን ማስተማር። «ሲኒየሬ አብሮኝ ይኖራል» ካለችዎ ሁለተኛው ላይ ናት ማለት ነው።

ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ሳለሁ፣ ሌሊት ትርፍ አንጀት ስሠራ ደም አላቆም አለኝ። ሰመመን ሰጪው «ሲኒየርህ ጋ ደውል» ቢለኝ «ትንሽ ልሞክር» አልኩ። 20 ደቂቃ አባከንኩ። መምህሬ ተጠርቶ መጣና አቆመው፤ በሽተኛው ዳነ። ጠዋት «እጅህ ጥሩ ነው። መደወል እስክትለምድ ግን አላምንህም» አለኝ። ወር ሙሉ ለብቻዬ አላሠራኝም። ያኔ ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልኬ ሲጮህ፣ የደወለችልኝን ሬዚደንት የበለጠ አምናታለሁ።

ስለዚህ ይጠይቋት። «ሲኒየርሽ ክፍሉ ውስጥ ነው ወይስ ስልክ ላይ? በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ስንት ሠርተሻል?» ይበሏት። ደህና ሐኪም በዚህ አይቀየምም። ከተቻለ ሲኒየሩን ልጁ ሳይገባ ያግኙት፤ እኔ እናት መጥታ ስታናግረኝ ደስ ይለኛል።

ደግሞ ምግብ አቁሙ የተባሉበትን ሰዓት እንዳያልፉ። ጎረቤት «ራበው» ብሎ ብስኩት እንዳይሰጠው ከአሁኑ ይንገሯቸው።