በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በቤት ጓሮ ንብ ስለማነብ፤ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። በጓሮዬ ሁለት ቀፎ ለማስቀመጥ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ከግዛቲቱ በኩል የሚጠበቅብዎ ምዝገባ ነው። የሜሪላንድ ሕግ፣ አንድ ህብረ ንብ ብቻ ያለው ሰው እንኳ፣ ንቡን በያዘ በ30 ቀናት ውስጥ በግዛቲቱ የግብርና መሥሪያ ቤት እንዲያስመዘግብና ምዝገባውን በየዓመቱ እንዲያድስ ያዝዛል፤ ክፍያ የለውም። ምዝገባው የሚጠቅመው በሽታ ሲነሳ ነው፤ ፋውልብሩድ የተባለው የዕጭ በሽታ ተሕዋስ በአሮጌ ቀፎና ሰፈፍ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ የታመመ ህብረ ንብ ሰፈፉን ከሚይዘው የእንጨት ክፈፍ (ፍሬም) ጋር እስከ መቃጠል ይደርሳል። ያገለገለ ቀፎ በርካሽ ለመግዛት የሚያስቡ ይህን ልብ ይበሉ። ከምዝገባው ሌላ የአካባቢዎን የዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም) ደንብና፣ ካለ፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ውል አስቀድመው ያንብቡ፤ ግዛቲቱ የፈቀደችውን ማኅበሩ ሊከለክል ይችላል።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ የቀፎ ቁጥር ገደብ አለ?

መልስ፦ አለ። እስከ 10,000 ስኩዌር ፊት በሆነ ይዞታ ላይ የሚፈቀደው እስከ 4 ቀፎ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ጎጃም እንደሚያደርጉት ከቀርከሃ የተሠራ ቀፎ ዛፍ ላይ ልስቀል?

መልስ፦ በሜሪላንድ አይቻልም፤ ሕጉ የሚፈቅደው ፍሬሙ የሚወጣና የሚገባ ቀፎ ብቻ ነው። በባህላዊው ቀፎ ሰፈፉ ከግድግዳው ጋር ስለሚጣበቅ፣ ሳይቆርጡ ዕጩን መመርመር አይቻልም። ንቡን ራሱን ከአገር ቤት ለማምጣት የሚያስብ ካለም፣ አሜሪካ ከ1922 ጀምሮ የንብ ማስገባትን በሕግ እንደገደበች ይወቅ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ንብ እጅግ ትፈራለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀፎው ከመምጣቱ በፊት ያነጋግሯት፤ በቤተሰቡ ውስጥ የንብ መርዝ ሰውነቱን የሚያስቆጣው (አለርጂ ያለበት) ሰው ካለ ማወቅ ይገባዎታል። የቀፎውን በር ከእርሷ አጥር ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዙሩት፤ ከፊቱ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ አጥር ወይም ቁጥቋጦ ካለ ንቦቹ ከሰው ራስ በላይ ተነሥተው ይበርራሉ። ውኃ በጓሮዎ ያስቀምጡላቸው፣ አለዚያ የእርሷን መዋኛ ይለምዳሉ፣ አንዴ የለመዱትን ደግሞ ማስተው ከባድ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ህብረ ንቡ ሳይሰደድ አስቀድመው ለሁለት ይክፈሉት፤ በእኔ ግምት አብዛኛው አቤቱታ የሚነሳው ከተነደፈ ሰው ይልቅ በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከታየ መንጋ ነው።

ጥያቄ፦ ከማሩ ጠጅ ጥዬ መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይችሉም። የፌዴራሉ ደንብ ለቤተሰብ ፍጆታ በዓመት ለአንድ አዋቂ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ላሉበት ቤት 200 ጋሎን ያለ ግብር ይፈቅዳል፤ ለሰው ሰርግ በገንዘብ ማቅረብ ግን ያው ሽያጭ ነው።