ከመርከብ ስትወርዱ የቱን ጉብኝት ትመርጣላችሁ? ስለ ሜዲትራኒያን ክሩዝ ጥያቄና መልስ

ሜዲትራኒያንን በክሩዝ ስድስት ጊዜ ዞሬያለሁ። ከባለቤቴ ጋር፣ ከልጆች ጋር፣ አንዴ እናቴን ሌላ ጊዜ ደግሞ አባቴን ይዤ። ሰመር ሲቃረብ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጥያቄው ስለ መርከቡ አይደለም፤ «ወደብ ስንደርስ ምን እናድርግ?» ነው። ዛሬ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ የመጀመሪያ ክሩዛችን ነው። ከባርሴሎና ተነስተን ማርሴይ፣ ሊቮርኖ፣ ቺቪታቬኪያና ኔፕልስ እንቆማለን። መርከቡ የሚሸጠውን ጉብኝት እንግዛ ወይስ በራሳችን እንውጣ? ለአራት ሰው ሲደመር ዋጋው አስደነገጠን።

መልስ፦ ሁሉንም ከመርከቡ አትግዙ። ሁሉንምም በራሳችን እንወጣለን አትበሉ። ወደብ በወደብ ነው የሚወሰነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ርቀቱን ነው፤ መርከቡ የሚቆምበት ቦታና ማየት የምፈልገው ነገር ምን ያህል ይራራቃሉ? ማስታወቂያው «ሮም» ይላል፣ የምትወርዱት ግን ቺቪታቬኪያ ነው፣ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ። «ፍሎረንስ» ይላል፣ መርከቡ የሚቆመው ሊቮርኖ ነው፣ እሱም ከፍሎረንስ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኔፕልስ ላይ ግን ከመርከብ ወርዳችሁ አስፋልቱን ስትሻገሩ መሃል ከተማ ናችሁ።

ከመርከቡ ስትገዙ ዋናው የምትከፍሉበት ነገር አስጎብኚው አይደለም፣ ዋስትናው ነው። የመርከቡ አውቶቡስ መንገድ ተዘግቶበት ቢያረፍድ መርከቡ ይጠብቃል። በራሳችሁ ሄዳችሁ ካረፈዳችሁ ግን አይጠብቃችሁም። ስለዚህ ሩቅ በሆነበትና መንገዱን በማታውቁበት ከመርከቡ ግዙ፣ ቅርብ በሆነበት ገንዘባችሁን ቆጥቡ። ለእናንተ ፍሎረንስን ከመርከቡ እገዛ ነበር። ፒሳ ብቻ ከሆነች የምትፈልጉት ከሊቮርኖ ባቡር ጣቢያ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፣ በራሳችሁ ትችላላችሁ። ማርሴይ ላይ መርከቡ ከአሮጌው ወደብ ራቅ ብሎ ስለሚቆም የማመላለሻ አውቶቡስ ይኖር እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ኔፕልስን በእግር።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚሸጠው ሙሉ ጉብኝት ብቻ አይደለም። አውቶቡሱ ከተማው ድረስ አድርሶ፣ አራት አምስት ሰዓት ለቋችሁ፣ መልሶ የሚያመጣበት ዓይነትም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል፣ ዋስትናው ግን ያው ነው። ብዙ ሰው አያየውም፣ እኔ በጣም ነው የምወደው።

ጥያቄ፦ ሮም አንድ ቀን ብቻ ነው ያለን። ቫቲካንንም ኮሎሲየምንም ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን አንዱንም በቅጡ አታዩትም። እስቲ ሰዓቱን አስሉት። መርከቡ በፈረንጅ ጠዋት 7 ላይ ቢቆም እስክትወርዱና ባቡር እስክትይዙ ሁለት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ባቡሩ ራሱ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 7 የሚነሳ ከሆነ ደግሞ እኔ 5 ላይ ወደብ መድረስ እፈልጋለሁ። ለሮም የቀረላችሁ አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። የቫቲካን ሙዚየም ብቻውን ሦስት ሰዓት ይበላል፣ ከወሩ መጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ እሑድ ደግሞ ዝግ ነው። አንዱን ምረጡ።

እኔ ብሆን ለአበሻ የምመክረው ሌላ መንገድ አለ። ከቺቪታቬኪያ የሚመጣው ባቡር ኦስቲየንሴ ጣቢያ ይቆማል። እዚያ ውረዱና በአቬንቲኖ ጎዳና ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ትደርሳላችሁ። የአክሱም ሐውልታችን ከ1937 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ቆሞ የነበረው እዚያ ነው። ከዚያ በሳን ግሪጎሪዮ ጎዳና አሥር ደቂቃ ስትራመዱ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ከፊታችሁ ይመጣል። አበበ ቢቂላ በ1960 የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ የጨረሰው እዚያ ቅስት ላይ ነው፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ቀኑ የእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ከሐውልቱ ቦታ አልፎ ወደ መጨረሻው የሮጠው በዚሁ አቅጣጫ ነው።

አባቴን ይዤው ስሄድ 78 ዓመቱ ነበር። ቅስቱ ሥር ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወደ ድንጋዩ መንገድ ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰው። ምንም አልተናገረም። ኮሎሲየም ከጎናችን ነበር፣ ዞሮም አላየውም። ይህን መንገድ የትኛውም የመርከብ ጉብኝት አይሸጥላችሁም።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት «ፓኖራሚክ አቴንስ» የሚል ገዝተን ሁሉንም ከአውቶቡስ መስኮት አይተን ተመለስን። እንዴት ነው የሚታወቀው?

መልስ፦ አይዟችሁ፣ እኔም ደርሶብኛል። ከአንድ ድርጅት የገዛሁት የግማሽ ቀን ጉብኝት አክሮፖሊስን ከታች አሳይቶን አሥር ደቂቃ ለፎቶ ቆመና ወደ መርከብ መለሰን። እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችው ለዚያ ነበር። ተናድጄ መግለጫውን እንደገና ሳነበው ግን «ትገባላችሁ» የሚል ቃል የትም የለም።

ስለዚህ ግሱን አንብቡ። «እናያለን»፣ «እናልፋለን»፣ «የፎቶ ማቆሚያ» ካለ አትገቡም ማለት ነው። «መግቢያ ተካቷል» ካለ ትገባላችሁ። ፓኖራሚክ ማለት በአብዛኛው በአውቶቡስ ተቀምጦ ማየት ነው። ለደከመ ሰው ጥሩ ነው፣ ለእናንተ ግን አልነበረም። ጉብኝቱ በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደሆነና ከዚያ ውስጥ ስንቱ መንገድ ላይ እንደሚያልቅም ጠይቁ። ስምንት ሰዓት ከተባለው አራቱ አውቶቡስ ውስጥ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

አቴንስ ላይ ደግሞ መርከቡ ፒሬየስ ነው የሚቆመው። ከዚያ አረንጓዴው የሜትሮ መስመር ሞናስቲራኪ ያደርሳችኋል፣ አክሮፖሊስ ከላያችሁ ነው። ትኬቱን ግን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ፤ ከ2023 ጀምሮ መግቢያው በሰዓት ተከፋፍሏል፣ በቀን ከ20,000 ሰው በላይም አይገባም። የጠዋቱን ሰዓት ያዙ። በሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ሲበረታ እኩለ ቀን ላይ የሚዘጉበት ቀን አለ።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቱርክ ውስጥ ኩሻዳሲ ስንቆም ኤፌሶንን ማየት በጣም ይፈልጋሉ። ይችሉታል?

መልስ፦ በደንብ ከመረጣችሁ ይችሉታል። ኤፌሶን ከኩሻዳሲ ወደብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት በር አለው፣ የላይኛውና የታችኛው። በላይኛው ገብቶ በታችኛው የሚወጣውን ምረጡ፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው። በታችኛው ገብቶ እዚያው የሚመለስ ከሆነ ግን ወጣችሁ ወረዳችሁ ነው፣ ለጉልበት አይሆንም። እብነ በረዱ በብዙ ሺህ እግር ተልጦ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። የጎማ ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ፣ ከዘራም ይያዙ። ጥላ እምብዛም ስለሌለ የጠዋቱ ይሻላል።

እናትሽ ኦርቶዶክስ ከሆኑ አንድ ነገር ልንገርሽ። በታችኛው በር በኩል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። በ431 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኤፌሶን ጉባኤ፣ እኛ የ200 ሊቃውንት ጉባኤ የምንለው፣ ከዚያ ጋር ነው ስሙ የሚነሳው። ንስጥሮስ የተወገዘው፣ እመቤታችን ወላዲተ አምላክ መባሏ የጸናው በዚህ ጉባኤ ነው። አብዛኛው ቡድን አይሄድበትም፣ የሴልሱስን ቤተ መጻሕፍት አሳይቶ ይወጣል። አስጎብኚውን ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሳላችሁ ጠይቂው፣ መጨረሻ ላይ ከሆነ ጊዜ የለም ይልሻል። እናቴ እዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ውዳሴ ማርያሟን ደገመች። ቡድኑ ሱቅ ውስጥ ነበር።

ጥያቄ፦ ሳንቶሪኒ ላይ በአህያ መውጣት አለብን?

መልስ፦ የለባችሁም፣ ባትወጡም ደስ ይለኛል። መርከቡ ባሕር ላይ ይቆምና በትንሽ ጀልባ ከፊራ ከተማ ሥር ትወርዳላችሁ። ወደ ላይ መውጫው በገመድ የሚሳብ ፉርጎ፣ 588 ደረጃ በእግር፣ ወይም አህያ ነው። እንስሳቱ በፀሐይ ቀኑን ሙሉ ሰው ተሸክመው ሲመላለሱ አይቻለሁ፣ አልወደድኩትም። ፉርጎው ይሻላል፣ ግን ብዙ መርከብ በአንድ ቀን ከመጣ ሰልፉ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ለመውረድም ያው ሰልፍ አለ፣ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። የመጨረሻው ጀልባ ከመሄዱ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ተሰለፉ።

የመርከቡን ጉብኝት ከምገዛባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ የመርከቡን ጉብኝት የገዙ ሰዎች ቀድመው ይወርዱና በአቲኒዮስ ወደብ በኩል በአውቶቡስ ይወጣሉ፣ ለመውጣት አይሰለፉም።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለኝ፣ ግሪን ካርድ አለኝ። መርከብ ላይ ስለሆንኩ ቪዛ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አዎ፣ የሸንገን ቪዛ ያስፈልግሃል። ግሪን ካርድ አይተካውም። ዋናው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ዓይነት መጠየቅህ ነው፤ መርከቡ ከግሪክ ወደ ቱርክ ሄዶ ከተመለሰ ከሸንገን ወጥተህ እንደገና መግባትህ ነው። ቱርክ የራሷ ደንብ አላት፣ እንግሊዝም እንደዚያው። ትኬት ከመክፈልህ በፊት የወደቦቹን ዝርዝር ይዘህ የክሩዙን ድርጅትና ኤምባሲዎቹን በጽሑፍ ጠይቅ። በስልክ የተነገረህን አትመን፣ መርከቡ ላይ እንዳትወጣ ሊከለክሉህ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ መርከብ ጥሎን ቢሄድስ?

መልስ፦ መርከቡ በየቀኑ የሚያድለው ወረቀት ላይ የወደቡ ወኪል ስልክ አለ። ፎቶ አንሱት። ካመለጣችሁ ለሱ ነው የምትደውሉት፣ ቀጣዩ ወደብ ድረስ ግን በራሳችሁ ወጪ ነው።

እንዲህ የሚሆነው በአብዛኛው በሰዓት መደናገር ነው። ግሪክ ከጣሊያን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ መርከቡ ግን ሰዓቱን ላይቀይር ይችላል፣ ስልካችሁ ደግሞ ራሱ ይቀይራል። ወላጆቻችንን ስንይዝ በዚህ ላይ የአበሻ ሰዓት ይጨመራል። እናቴን «በአሥራ አንድ ሰዓት እንገናኝ» ስላት እሷ በኛ አቆጣጠር ይዛዋለች፣ ልጄ በፈረንጅ። ከዚያ ወዲህ የመመለሻውን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፌ ለእያንዳንዱ ሰው ኪሱ ውስጥ እከታለሁ። ያለ ዘመናዊ ስልክ የሚሠራ የእጅ ሰዓትም በመርከቡ ሰዓት ሞልቼ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ የምንሄደው ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ነው። ምሳ የተካተተበት ጉብኝት ላይ ምን እንበላለን?

መልስ፦ ስትገዙ ጻፉላቸው፣ በዕለቱ አትንገሩ። «ቪጋን» ብትሉ ይገባቸዋል። ግሪክ ውስጥ ደግሞ የበለጠ ቀላል ነው፣ እነሱም በነሐሴ መጀመሪያ የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ። «ኒስቲሲሞ» በሏቸው፣ የጾም ማለት ነው። አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ቃሉን ከአፌ ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ማድ ቤት ገባች፣ ባቄላ በቲማቲምና የወይን ቅጠል ጥቅልል ይዛልን መጣች። እነሱ ግን በጾም ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ የመሳሰለውን ይበላሉ፣ ያንን እንደማትበሉ አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ጥያቄ፦ ኔፕልስ ላይ ከ6 እና ከ9 ዓመት ልጆች ጋር ፖምፔይ ይሻላል ወይስ ካፕሪ?

መልስ፦ ካፕሪ በፈጣን ጀልባ ከ50 ደቂቃ አይበልጥም፣ ግን ባሕሩ ከተነሳ መመለሻው ያስጨንቃል። ፖምፔይ ልጆች ይወዱታል፣ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩአቸው፤ ፀሐይ ነው፣ ድንጋዩም ወጣ ገባ ነው። ባቡሩ ከጋሪባልዲ ጣቢያ አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ስትመለሱ ፒዛውን ከተማው ውስጥ ብሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብዙ መዞር አልፈልግም። መርከባችን ፍጥሞ ደሴት ይቆማል አሉ። ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ዋሻ ብቻ ማየት እፈልጋለሁ። ለዚህ ጉብኝት ልግዛ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ለዋሻው ብቻ ከሆነ አይግዙ። ጀልባው ስካላ ያወርድዎታል፣ እዚያው ታክሲ አለ፣ ዋሻው ወደ ኮረብታው በሚወጣው መንገድ መሃል ላይ ነው። ከታክሲው ከወረዱ በኋላ ወደ ዋሻው የሚወርድ ደረጃ ስላለ ቀስ ብለው፣ ሰው ይደግፍዎት። በጠዋት ይሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ከመርከብ መጀመሪያ በሚወርደው ጀልባ ከሄዱ ከአውቶቡሶቹ ቀድመው ይደርሳሉ። ዋሻው ጠባብ ነው፣ አርባ ሰው ሲገባበት መተንፈሻም የለም። ብቻዎን ሲሆኑ ግን በስተቀኝ ግድግዳው ላይ ዝቅ ብለው ይዩ፣ በብር የተከበበ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ዮሐንስ ራሱን ያሳርፍበት የነበረ ነው ይላሉ። ታክሲውን ሲወርዱ አያሰናብቱት፣ የሚመለስበትን ሰዓት ይንገሩት።