ፀሐይን በካልሲየም ብርሃን መከታተል፦ ጥያቄና መልስ

ከየአቅጣጫው ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፀሐይ በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ናት ይባላል። ካልሲየም ከየት መጣ?

መልስ፦ መጠኑ በእርግጥ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ሚሊዮን የሃይድሮጅን አቶም ሁለት ገደማ የካልሲየም አቶም ቢገኝ ነው። ነገር ግን አንድ ኤሌክትሮን ያጣ ካልሲየም ብርሃንን በሁለት ቦታ አጥብቆ ይመጥጣል፤ በ393.4 እና በ396.8 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት፣ ዓይናችን ማየት ሊያቆም በተቃረበበት የሐምራዊ ጫፍ። ኬ እና ኤች መስመር የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከመስመሩ መሃል የሚደርሰን ብርሃን የሚነሣው ከምናየው የፀሐይ ገጽ ሳይሆን ከበላዩ ካለው፣ ክሮሞስፌር ከተባለው የጋዝ ሽፋን ነው። መግነጢሳዊ መስክ በበረታበት ስፍራ ክሮሞስፌር ይሞቃል፣ መስመሩም ይፈካል። ስለዚህ በኬ መስመር የተነሣ ፎቶ መስኩ የት እንደበረታ ያሳያል።

ጥያቄ፦ መስኩን በቀጥታ መለካት አይሻልም?

መልስ፦ ይሻላል፤ ግን ከየት ይምጣ? የፀሐይ ተመራማሪው ጆርጅ ሄል በ1908 በፀሐይ ጥቁር ነጠብጣቦች ውስጥ መስክ መኖሩን ቢያረጋግጥም፣ የመላዋን ፀሐይ መስክ አዘውትሮ የመለካቱ ሥራ የተደላደለው በ1970ዎቹ ነው። የካልሲየም ፎቶ ግን ቀድሞ ነበር። ሄል በአሜሪካ፣ ደላንድር በፈረንሳይ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ፀሐይን በአንድ መስመር ብርሃን ብቻ ፎቶ የሚያነሣውን፣ ስፔክትሮሄሊዮግራፍ የተባለውን መሣሪያ ለየብቻቸው ሠሩ። በደቡብ ሕንድ ኮዳይካናል ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ፣ በካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ከ1915 እስከ 1985፣ በፓሪስ አጠገብ በሜዶን ደግሞ እስከ ዘመናችን ድረስ ሰማይ በጠራ ቁጥር ፀሐይ ፎቶ ተነሥታለች። ውጤቱን ሳያዩ ለልጅ ልጅ የሠሩትን እነዚያን ሰዎች ሳስብ ልቤ በምስጋና ይሞላል። የመስታወት ሰሌዳዎቻቸው ባይኖሩ ስለዚያ ዘመን የፀሐይ መግነጢስ የምናውቀው እጅግ ጥቂት ይሆን ነበር።

ጥያቄ፦ ነጠብጣብ መቁጠር ከ1610 ጀምሮ አለ። ካልሲየም ምን ይጨምራል?

መልስ፦ ነጠብጣብ የሚያሳየው መስኩ እጅግ የተከማቸበትን ቦታ ብቻ ነው። ካልሲየም በዙሪያው የተንጣለለውን ብሩህ ክልል፣ ነጠብጣቡ ከጠፋ በኋላም የሚቆየውን፣ ያሳያል። የፀሐይን ብርሃን መጠን ለማስላት ይህ ወሳኝ ነው፤ ነጠብጣብ ያደበዝዛታል፣ ብሩህ ክልል ያደምቃታል። የፀሐይ መግነጢስ በሚበረታበትና በሚደክምበት የ11 ዓመት ገደማ ዑደት ጫፍ ላይ ድምቀቱ ስለሚያይል ወደ ምድር የሚደርሰው ኃይል፣ በካሬ ሜትር 1361 ዋት ገደማ የሆነው፣ በ0.1 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሳተላይቶች ይህን ያለማቋረጥ መለካት የጀመሩት በ1978 ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የዓለም ሙቀት መጨመር ከፀሐይ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በቴሌስኮፕ ከተመዘገቡት ዑደቶች ሁሉ ብርቱው በ1957ና በ1958 ጫፍ የደረሰው 19ኛው ነው። በ2014 ጫፍ የደረሰው 24ኛው ደካማ ነበር፤ ምድር ግን ሙቀቷ ጨምሯል።

ጥያቄ፦ የድሮ ፎቶ ይታመናል?

መልስ፦ እንዳለ አይታመንም። ሰሌዳው ያረጃል፤ ለብርሃን የተጋለጠበት ጊዜና መሣሪያው ያሳለፈው የብርሃን ስፋት ይለያያል። ብዙዎቹ ላይ ጥቁረቱን ወደ ብርሃን መጠን የሚቀይር መለኪያም የለም። ተመራማሪዎች በፎቶው ላይ ጸጥ ያለውን የፀሐይ ክፍል እንደ መነሻ ወስደው ያስተካክላሉ፣ ከዚያም የአንዱን ጣቢያ ከሌላው ጋር ያስተያያሉ። ይህ ሳይደረግ የተሳለ የመቶ ዓመት ግራፍ ካያችሁ አትቀበሉት።

ጥያቄ፦ በሌሎች ከዋክብትስ ይሠራል?

መልስ፦ አዎ፤ ለእኔ ውቡ ክፍል ይህ ነው። ኮከብ ነጥብ ስለሆነ ነጠብጣቡን መቁጠር አንችልም፤ የካልሲየም መስመሩ ግን ይፈካል፣ ይደበዝዛል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኦሊን ዊልሰን በ1966 በማውንት ዊልሰን ክትትል ጀምሮ በ1978 ፀሐይን የሚመስሉ ብዙ ከዋክብት የራሳቸው ዑደት እንዳላቸው አሳየ። ጭራሽ ለውጥ ያልታየባቸውም አሉ። ፀሐይ ራሷ ከ1645 እስከ 1715 ነጠብጣቧ እጅግ ተመናምኖ ስለነበር፣ እነዚያ ከዋክብት አሁን እንዲህ ባለ ዕረፍት ላይ ይሆኑ እንዴ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል።