ቁልቁለቱ ላይ ቅድሚያ የማን ነው? ስለ ስኪና ስኖውቦርድ ደኅንነት ጥያቄና መልስ

ሰዎች በስኪ (በየእግሩ በሚታሰሩ ሁለት ረጃጅም ሰሌዳዎች) ወይም በስኖውቦርድ (ሁለቱም እግሮች በሚታሰሩበት አንድ ሰሌዳ) በሚንሸራተቱበት አንድ የበረዶ ተራራ መዝናኛ ውስጥ ቁልቁለት ላይ የወደቁ ሰዎችን በማንሳትና ወደ ሕክምና በማድረስ ሥራ ለአሥራ ሁለት ዓመታት ቆይቻለሁ። ጥያቄ ያለው ሁሉ እንዲጠይቅ ጋብዤ ስለነበር፣ የደረሱኝን ከዚህ በታች እመልሳለሁ፤ ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ልሞክር ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ምን ልማር?

መልስ፦ መቆምን ይማሩ። መንሸራተቱን ቁልቁለቱ ራሱ ያከናውነዋል፤ ትምህርት የሚጠይቀው ፍጥነትን መግታትና በፈለጉበት ቦታ መቆም ነው። ጀማሪ የሁለቱን ስኪዎች ጫፍ ከፊት አቀራርቦ ከኋላ በመክፈት፣ የውስጥ ጠርዛቸው በረዶውን እየፋቀ እንዲያዘገየው ያደርጋል። ይህ ዘዴ ግን የሚሠራው ለስለስ ባለ ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ሲበረታ እግርን አጥብቆ መክፈት ከማድከም በቀር አያስቆምም፤ በዚያ ቦታ የሚያዘገየው ስኪዎቹ የተራራውን ጎን አቋርጠው እስኪያልፉ ድረስ መታጠፊያውን መጨረስ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያውን ቀን ከአሠልጣኝ ጋር ያሳልፉ። ወዳጅ ቢያስተምር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ወዳጅ ተማሪውን ከአቅሙ በላይ ወደሆነ ቦታ ይዞ የመውጣት ልማድ አለው።

ጥያቄ፦ የመንሸራተቻ መስመሩ ላይ ቆሜ ሳርፍ አንድ ሰው ከበላዬ መጥቶ ገጨኝ። እሱ ደግሞ «መንገድ የዘጋኸው አንተ ነህ» አለኝ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣቸውና ዛሬም በብዙ አገሮች ፍርድ ቤቶች ሳይቀር የሚጠቀሱ 10 የሥነ ምግባር ደንቦች አሉ። ዋናው ሐሳባቸው ቅድሚያ ከታች ላለው ሰው ነው የሚል ነው፤ ከላይ የሚመጣው ፊቱን ያያል፣ ከታች ያለው ግን ጀርባውን ማየት አይችልም። የሚቀድመው ሰውም የተቀደመው እንደልቡ ሊታጠፍ የሚችልበትን በቂ ስፍራ የመተው ግዴታ አለበት። በዚህ መሠረት የገጨዎት ሰው ኃላፊነቱ የከበደ ነው።

ይሁንና እነዚያው ደንቦች ጠባብ በሆነ ወይም ከላይ በማይታይ ቦታ ላይ መቆምን ይከለክላሉ። በሥራ ላይ ሳለሁ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ ስኖውቦርድ የያዙ አራት አምስት ጓደኛሞች ከአንድ ጉብታ ሥር በረድፍ ይቀመጣሉ፣ ጀርባቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ማሰሪያቸውን እያጠበቁ ይጨዋወታሉ፤ ከጉብታው ማዶ የሚመጣ ሰው የሚያያቸው ሦስት ሜትር ሲቀረው ነው። መቆም ሲፈልጉ ወደ ላይ ቀና ይበሉና የሚመጣውን ሰው ከሩቅ ማየት መቻልዎን ያረጋግጡ፤ እርስዎ ካላዩት እሱም አያይዎትም። ከዚያም በጠርዙ በኩል ይቁሙ፣ እንደገና ሲነሡ ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም ተመልክተው ይነሡ። ግጭት ከደረሰ፣ ጥፋተኛም ይሁን ምስክር፣ ሁሉም ማንነቱን የመግለጽ ግዴታ አለበት።

ጥያቄ፦ የመስመሮቹ ቀለማት በሁሉም አገር አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። በአውሮፓ በአብዛኛው ሰማያዊ ቀላል፣ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ ሲሆን፣ በአንዳንድ አገሮች ከሰማያዊ በታች አረንጓዴ አለ። በሰሜን አሜሪካ አረንጓዴ ክብ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘንና ጥቁር አልማዝ ሲሆኑ ቀይ የለም። ደረጃው የሚመዘነውም በዚያው ተራራ ውስጥ ካሉት ሌሎች መስመሮች አንጻር ስለሆነ፣ የአንዱ ተራራ ሰማያዊ ከሌላው ሊከብድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዕቃ ስከራይ ክብደቴንና ችሎታዬን ለምን ይጠይቁኛል?

መልስ፦ የስኪ ማሰሪያ ሲወድቁ ጫማዎን እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። የሚለቅበት ኃይል በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማው ርዝመት፣ በችሎታና በመንሸራተት ስልት ተሰልቶ በቁጥር ይሞላል። ቁጥሩ ካነሰ በመታጠፊያ መካከል ያለ ምክንያት ይፈታል፤ ከበዛ ደግሞ ሲወድቁ አይለቅም፤ በዚህ ጊዜ ረጅሙ ስኪ እንደ ማንሻ ሆኖ ጉልበትን ይጠመዝዛል። አንድ ጊዜ ያነሣሁት ሰው ዕቃውን ሲከራይ አፍሮ ችሎታውን ከፍ አድርጎ ተናግሮ ኖሮ፣ ቆሞ ሊባል በሚችል ፍጥነት ላይ ጎኑን ይዞ ወደቀ፤ ስኪው ግን ከእግሩ አልተላቀቀም። የጉልበት ጅማት ለመበጠስ ትልቅ ፍጥነት እንደማያስፈልግ በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቁጥሩ በትክክል ተሞልቶም ቢሆን ማሰሪያው ሁልጊዜ ጉልበትን ያድናል ማለት እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። ማሰሪያው ላይ ከመርገጥዎ በፊት ከጫማዎ ሥር የተጣበቀውን በረዶ ይፋቁ፤ በመካከል የገባ በረዶ ስሌቱን ሁሉ ያዛባል።

የስኖውቦርድ ማሰሪያ አይለቅም። ሁለቱም እግሮች በአንድ ሰሌዳ ላይ ስለታሰሩ ጉልበት በመጠኑ ይተርፋል፤ ጀማሪውን የሚጎዳው የእጅ አንጓ ነው፤ ሰው ሲወድቅ በደመ ነፍስ መዳፉን ዘርግቶ መሬቱን ሊደገፍ ይሞክራልና። የአንጓ መከላከያ ያድርጉ፤ ወደ ፊት ሲወድቁ እጅዎን ጨብጠው በክንድዎ ይረፉ፣ ወደ ኋላ ሲወድቁ ቁጢጥ ብለው አገጭዎን ወደ ደረትዎ ያስጠጉ።

ጥያቄ፦ የራስ ቁር ካደረግሁ ከጭንቅላት ጉዳት ተጠበቅሁ ማለት ነው?

መልስ፦ ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ሁለት የታወቁ አደጋዎችን ላንሣ። ተዋናይት ናታሻ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በማርች 2009 በካናዳ ሞን ትሬምብላን የጀማሪዎች ቁልቁለት ላይ ያለ ቁር ወደቀች፤ ደኅና ነኝ ብላ የመጣላትን እርዳታ መለሰች፤ ቆየት ብሎ ራስ ምታት ጀመራት፤ ከሁለት ቀን በኋላ አረፈች። የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮኑ ሚካኤል ሹማኸር ደግሞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 በፈረንሳይ ሜሪቤል፣ በሁለት የተዘጋጁ መስመሮች መካከል ባለ ስፍራ ወድቆ ከቋጥኝ ጋር ሲጋጭ ቁር አድርጎ ነበር። ለእኔ የመጀመሪያው ታሪክ ይበልጥ ይከብደኛል፤ «ደኅና ነኝ» የሚሉ ሰዎችን በየቀኑ አገኝ ነበርና። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው፣ ቢስቅም ቢነጋገርም፣ ብቻውን አይተው፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ ወይም መደናገር ከታየበት ወዲያው ሐኪም ይየው። ብርቱ ምት የደረሰበት ቁር፣ ከውጭ ስንጥቅ ባይታይበትም፣ ይቀየር።

ጥያቄ፦ በገመድ ከተከለለው ስፍራ ውጭ የሌሎች ሰዎች ዱካ ይታያል። እነሱ ካለፉ እኔስ ማለፍ አልችልም?

መልስ፦ ዱካው ያ ሰው በዚያች ሰዓት እንዳለፈ እንጂ ቁልቁለቱ የረጋ መሆኑን አይናገርም። የበረዶ ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ይህም ለመንሸራተት የሚያጓጓው ቁልቁለት ነው። ከሥር ያለው ደካማ ንጣፍ አሥር ሰው ተሸክሞ በአሥራ አንደኛው ሊከዳ ይችላል። በናዳ ከተያዙት ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ናዳውን የቀሰቀሱት ራሳቸው ወይም አብሯቸው የነበረ ሰው ነው። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ገደማ ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ስለዚህ የሚያወጡዎት አጠገብዎ ያሉት ጓደኞችዎ እንጂ ከሩቅ የሚጠሩ የነፍስ አድን ሠራተኞች አይሆኑም። በ457 ኪሎኸርዝ የሚሠራው የናዳ ምልክት ማስተላለፊያና መቀበያ (የተቀበረ ሰው ያለበትን ቦታ ለማግኘት የሚረዳ መሣሪያ)፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ሦስቱም በእያንዳንዱ ሰው ላይ መኖር አለባቸው፤ ሥልጠና የሌለው ሰው ግን ቢይዛቸውም አይጠቅሙትም። ከ1 እስከ 5 የሚወጣውን የዕለቱን የናዳ አደጋ ደረጃ ያንብቡ፤ 3 መካከለኛ ቁጥር ስለሆነ ብቻ ቀላል አይምሰልዎት።

ብዙ በረዶ በሚጥልባቸው ደኖች ውስጥ በዛፍ ግንድ ዙሪያ በቅርንጫፎች የተሸፈነ ለስላሳ ጉድጓድ ይፈጠራል። በጭንቅላቱ የገባበት ሰው በራሱ መውጣት ስለሚያቅተው፣ በዛፎች መካከል ጓደኛዎን ከዓይንዎ አያጥፉ።

ጥያቄ፦ ልጄ በወንበር ሊፍት (በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ተራራው በሚያወጣ ወንበር) ስትወጣ እሰጋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሠራተኛው ወንበሩን እንዲያዘገይላችሁ ይጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም፣ የዕለት ሥራው ነው። ልጅቷ ወደ ኋላ ተደግፋ ትቀመጥ፤ መከላከያ ዘንጉን ወዲያው ያውርዱ፤ የተንጠለጠለ ሻሽና ማንገቻ አስቀድመው ያስገቡ። አቀማመጧ ካልተስተካከለ መሬቱ ሳይርቅ ጮኸው ሊፍቱን ያስቁሙ። ከወረዱ በኋላ ከመውረጃው ፊት ለፊት ወዲያው ዞር ይበሉ።

ጥያቄ፦ የተጎዳ ሰው ባገኝ የመጀመሪያ ሥራዬ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሌላ ሰው እንዳይገጨው መከላከል። ከተጎዳው ሰው ከፍ ብሎ፣ ከሩቅ በሚታይ ቦታ፣ ሁለት ስኪዎችን አመሳቅለው በረዶው ላይ ይትከሉ። ጫማውንም ቁሩንም አያውልቁበት፤ አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመው ከሆነ አያንቀሳቅሱት፤ ከላይ ልብስ ይደርቡለት። ከዚያ በመስመሩ ካርታ ላይ ወዳለው የነፍስ አድን ሠራተኞች ስልክ ይደውሉ፤ በአውሮፓ 112፣ በሰሜን አሜሪካ 911ም ይሠራል። የመስመሩን ስምና በጠርዙ ባለው ምልክት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይንገሩን፤ «ከትልቁ ዛፍ አጠገብ» የሚል ጥሪ ስንት ጊዜ እንዳንከራተተን አልቆጥረውም። የስልክ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም፣ ስልክዎን በውጭ ኪስ ሳይሆን በውስጥ ልብስዎ፣ ከሰውነትዎ አስጠግተው ይያዙ።