የአልትራሳውንድ ሕክምና በፊዚዮቴራፒ፦ ጥያቄና መልስ

ታካሚዎች «በጄል የሚታሸው ማሽን» ስለሚሉት የአልትራሳውንድ ሕክምና የቀረቡልኝን ጥያቄዎች፣ በፊዚዮቴራፒ ሙያዬ እስከማውቀው ድረስ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አልትራሳውንድን የማውቀው ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነው። አሁን ለትከሻዬ ታዘዘልኝ። ማሽኑ አንድ ነው?

አይደለም፣ እህቴ። ሁለቱም የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ይጠቀማሉ፤ የእርግዝናው ማሽን ግን ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ተቀብሎ ምስል ሲሠራ፣ የሕክምናው ማሽን ምስል አያሳይም፤ የድምፁን ጉልበት ወደ ጅማትና ወደ ጡንቻ ያደርሳል። በእጀታው ጫፍ ውስጥ ያለው ክሪስታል ኤሌክትሪክ ሲያገኘው በሰከንድ 1 ሚሊዮን ወይም 3 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። 1 ሜጋኸርዝ የሚባለው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይጠልቃል፤ 3 ሜጋኸርዝ ደግሞ ጉልበቱን ከቆዳ ሥር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ባለው ክፍል ይጨርሳል። ስለዚህ ባለሙያው ቁጥሩን የሚመርጠው የተጎዳው ጅማት ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ አስቦ ነው።

ጥያቄ፦ ጄሉ መድኃኒት አለው?

አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ድምፁ አየር ሲያጋጥመው ከሞላ ጎደል በሙሉ ስለሚመለስ፣ ጄሉ በቆዳውና በማሽኑ ጫፍ መካከል አየር እንዳይገባ ያደርጋል። እንደ ጣት ላለው ወጣ ገባ ቦታ እጅን በውኃ ውስጥ አድርጎ መሥራትም ይቻላል።

ጥያቄ፦ በሕክምናው መካከል አጥንቴ ድረስ ጠልቆ የሚወጋ ሕመም ተሰማኝ፤ «ቻለው» ተባልኩ። ልክ ነው?

ልክ አይደለም፤ ይህንን አጥብቄ እናገራለሁ። አጥንት ድምፁን ከጡንቻ ይልቅ በብዛት ይመጥጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ወይም የማሽኑ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ሲቆም የአጥንቱ ሽፋን ከልክ በላይ ይሞቃል፤ እርስዎ የተሰማዎት ሕመም የዚህ ማስጠንቀቂያ ነው። ባለሙያው እጁን ሳያቋርጥ በዝግታ ማንቀሳቀስ፣ ሕመም ሲነገረው ደግሞ ወዲያው መጠኑን መቀነስ ወይም ማቆም አለበት። የሚፈለገው ስሜት ቢበዛ ለስለስ ያለ ሙቀት ነው፤ በየመሀሉ እየቆራረጠ በሚሰጠው ዓይነት ደግሞ ምንም ላይሰማዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ እግራቸው ይደነዝዛል። ተረከዛቸው ላይ ቢደረግላቸው?

ስሜት በሌለበት ቦታ ላይ ሙቀት የሚፈጥር ሕክምና አይሰጥ። ከላይ ያልኩት ማስጠንቀቂያ ለአባትዎ አይደርሳቸውም። በተጨማሪም ካንሰር ባለበት ወይም በሚጠረጠርበት ቦታ፣ ደም በረጋበት እግር፣ በዓይን ላይ፣ በነፍሰ ጡር ሆድና ወገብ ላይ፣ እንዲሁም የልብ ምት መቆጣጠሪያ በተተከለበት አካባቢ አይደረግም። በአደጋ ተሰብረው ብረት የገባላችሁ ሰዎችም ጠይቃችኋል፦ ብረቱ ብቻውን ከልካይ አይደለም፤ ነገር ግን በሲሚንቶ ወይም በፕላስቲክ የተሠራ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ካለ ቦታው ይዘለላል። ስለዚህ ምን እንደገባላችሁ የሚገልጸውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ እውነቱን ይንገሩን፤ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ይህ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከሥራው ቀርቶ፣ የታክሲ ከፍሎ፣ በሳምንት ሦስት ቀን እየተመላለሰ የሚታሸው ይሠራል ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ግምገማ 35 ጥናቶችን መርምሮ በአሠራራቸው ተቀባይነት ያገኙትን 10 ብቻ አገኘ፤ ከእነዚህም ማሽኑ ከማስመሰያ ሕክምና (ድምፅ ሳይወጣ የሚሠራ እየመሰለ ከሚታሸው) እንደሚሻል ያመለከቱት 2 ነበሩ። አንደኛው በእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ሲጫን ስለሚመጣው ሕመም፣ ሁለተኛው በትከሻ ጅማት ላይ ካልሲየም ሲጠራቀም ስለሚከሰተው ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው በዚህ የትከሻ ጥናት ታካሚዎቹ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ የሚወስድ 24 ሕክምና አግኝተው ሕመማቸው ቀነሰ፤ ከ9 ወር በኋላ ግን ማስመሰያውን ካገኙት ጋር የጎላ የሕመም ልዩነት አልታየም። ለቁርጭምጭሚት ወለምታ የረባ ጥቅም አልተገኘለትም። ለወገብ ሕመምም የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳይሰጥ መክሯል።

እኔ ማሽኑን አልጥልም፤ ነገር ግን ለብቻው ሕክምና ነው ብዬ አላምንም። ተኮማትሮ አልሳብ ያለ ጅማትን አሙቆ ሙቀቱ ሳይበተን ወዲያው መሳብ ትርጉም አለው፤ ለዚህም ጊዜው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ወገብን ከዳር እስከ ዳር በአምስት ደቂቃ ማዳረስ ግን ሙቀት እንኳ አይፈጥርም፤ የሚታሸው ቦታ ከማሽኑ ጫፍ ሁለት እጥፍ ባይበልጥ ይመረጣል። ታሽታችሁ ጄሉ ተጠርጎላችሁ፣ አንድም የሰውነት እንቅስቃሴ ሳትማሩ ወደ ቤት የምትላኩ ከሆነ፣ «እቤት የምሠራው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከውጭ አገር ማሽኑን ልግዛላቸው?

ገንዘቡን ያቆዩት። ለጉልበት መሸርሸር የተወሰነ የሕመም ማስታገስ ያሳዩ ጥናቶች ቢኖሩም ጥራታቸው ደካማ ነው። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥን የመሰለ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ በባለሙያ ተመጥኖ፣ የተሻለ መሠረት አለው።

ጥያቄ፦ እኔም ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ማሽናችን አርጅቷል፤ መሥራቱን በምን ልወቅ?

የማሽኑን ጫፍ ወደ ላይ አዙረው ጥቂት የውኃ ጠብታ ያድርጉበትና ለአጭር ጊዜ ይክፈቱት። ውኃው ከተንቀጠቀጠ ድምፅ ይወጣል፤ ዝም ካለ መብራቱ ቢበራም ታካሚውን በጄል ብቻ እያሹት ነው። ይህ ግን ድምፁ መውጣቱን እንጂ መጠኑን አይነግርዎትም፤ ማሳያው 1 ዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር ሲል በእርግጥ ያን ያህል መውጣቱን የሚያረጋግጠው በመለኪያ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ነው። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ያስለኩት፤ ጫፉ መሬት ላይ ወድቆ ከነበረ ደግሞ ዓመቱን አይጠብቁ።